ትንሽነቱ ብቻ ሽጉጥ አያስመርጥም፦ ስለ ኪስ ሽጉጥ ለተጻፈው የተሰጠ ምላሽ

«ለኪስ የሚሆን ሽጉጥ አመራረጥ» በሚል የወጣ አንድ ጽሑፍ ሰሞኑን በደሴና በኮምቦልቻ ነጋዴዎችና የጥበቃ ሠራተኞች መካከል ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ሰንብቷል። ጸሐፊው ያሉት ባጭሩ ይህ ነው፦ ካሉት ሁሉ ቀላሉን ምረጥ፤ 9 ሚሊሜትር ሁሉ 9 ሚሊሜትር ነው፤ ቶካሬቭ ስስ ስለሆነ ለመደበቅ የሚያህለው የለም፤ ኪስ ራሱ ማኅደር (የሽጉጥ አፎት) ነው፤ ካዝና (የጥይት መያዣውን) ሞልቶ ማሳደር ሞላውን (ስፕሪንጉን) ይገድላል፤ ዘይት በበዛ ቁጥር ይሻላል፤ ገንዘብ ካጠረህም የቱርኩ ያው ነው። አጻጻፋቸው ለንባብ ይጥማል። ችግሩ፣ ትንሽ ሽጉጥ ማለት ለእርሳቸው ተለቅ ያለው ሽጉጥ ታጥቦ ያጠረ ይመስል ነው። ሽጉጥ ሲያንስ አብረው የሚለወጡት ነገሮች ብዙ ናቸው፤ አብዛኞቹም በተኳሹ ላይ የሚዞሩ ናቸው።

ከሁሉ በፊት እርሳቸው በአንድ መስመር እንኳ ያልነኩት ጉዳይ አለ። በጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት ያለ ፈቃድ ሽጉጥ መያዝ፣ መግዛትም ሆነ ለሌላ ማስተላለፍ ወንጀል ነው። ስለዚህ ምርጫው የሚጀምረው ከፖሊስ ጽሕፈት ቤት ነው። ፈቃድ የሌለው ሰው ከዚህ በታች ያለው አንዱም አይመለከተውም።

«ቀላሉን ምረጥ፤ ኪስህ ያመሰግንሃል»

ኪስ ያመሰግን ይሆናል፤ የእጅ አንጓ ግን አያመሰግንም። ጸሐፊው በምሳሌነት ያቀረቡት ሩገር ኤልሲፒን ነው። ባዶውን 270 ግራም ገደማ ይመዝናል፤ የሚጎርሰውም 9×17 ጥይት ነው። በአገራችን ብዙ ሰው የሚያውቀው ማካሮቭ ደግሞ ባዶውን 730 ግራም ሲሆን ጥይቱ ከዚያ ጠንከር ያለው 9×18 ነው። ሁለቱም ወደ 6 ግራም የሚጠጋ እርሳስ፣ ማለትም ከቀለሁ ተላቅቆ የሚወረወረውን የጥይቱን ጫፍ፣ ይወረውራሉ፤ ማካሮቭ በሰከንድ 315 ሜትር ገደማ፣ ኤልሲፒ ከአጭር አፈሙዙ በሰከንድ 270 ሜትር ገደማ። የባሩዱን ጋዝ ትተን ብናሰላው፣ ወደ እጅ የሚመለሰው ጉልበት በማካሮቭ 2.5 ጁል አካባቢ፣ በኤልሲፒ 5 ጁል አካባቢ ይሆናል። ደካማውን ጥይት የሚተኩሰው ቀላል ሽጉጥ ጠንካራውን ከሚተኩሰው ከባድ ሽጉጥ እጥፍ ይራገጣል ማለት ነው። በዚያ ላይ እጀታው አጭር ስለሆነ ትንሿ ጣት የምትይዘው የላትም፤ ሽጉጡ በሁለት ጣት ላይ ይዘላል።

ከዚህ ሁለት ነገር ይከተላል። አንደኛው፣ የሚያሳምም ሽጉጥ ልምምድ ይጠላል፤ ባለቤቱ አምስት ጥይት ተኩሶ ይበቃኛል ይላል። ሁለተኛው መካኒካዊ ነው። ቀላል ሽጉጥ ተንሸራታቹን፣ ማለትም ወደ ኋላ ሄዶ ቀለሁን የሚያስወጣውንና አዲስ ጥይት የሚያጎርሰውን የላይኛውን ብረት፣ ሙሉ ጉዞውን እንዲጨርስ የሚረዳው ክብደት የለውም፤ የሚደገፈው በተኳሹ እጅ ነው። አንጓ ሲላላ አካሉ ከተንሸራታቹ ጋር አብሮ ወደ ኋላ ይሄዳል፣ ጉዞው ያጥራል፣ ቀለሁ ሳይወጣ በመውጫው አፍ ላይ ይነከሳል። ሰዉ «ሽጉጡ ብልሹ ነው» ብሎ ይመልሰዋል፤ ጥፋቱ ግን የአያያዝ ነው።

የማነጣጠሩን ነገር ጸሐፊው «ቅርብ ለቅርብ ነው፣ ምን ያነጣጥራል» ብለው አልፈውታል። በማካሮቭ የፊትና የኋላ ማነጣጠሪያ መካከል 130 ሚሊሜትር አለ። የፊተኛው በ1 ሚሊሜትር ቢዛነፍ 7 ሜትር ላይ የሚፈጠረው ስህተት 54 ሚሊሜትር ነው። ርቀቱ 90 ሚሊሜትር በሆነበት ትንሽ ሽጉጥ ያው 1 ሚሊሜትር 78 ሚሊሜትር ይሆናል። 7 ሜትር ማለት ደግሞ አንድ ሱቅ ከነበረንዳው ነው። ከኋላ የቆመ ሰው ባለበት ገበያ፣ ሰኞ ገበያንም አስቡት፣ ይህ ልዩነት ቀልድ አይደለም።

ልክ ያሉት አንድ ነገር ግን አለ። ከኋላ ሾጣጣ መዶሻ (ጥይቱን የሚያፈነዳውን መርፌ የሚመታው ብረት) የወጣበት ሽጉጥ ልብስ ላይ ይያያዛል ብለዋል፤ እውነት ነው። በተለይ ጋቢ ለለበሰ ሰው። የጋቢ ዘርፍ በመዶሻና በአካሉ መካከል ገብቶ ከተጠመጠመ ሽጉጡ አይወጣም፤ ቢወጣም ክሩ የመዶሻውን ምት ያለሰልስና ጥይቱ ይከሽፋል። መዶሻው የተሸፈነ ወይም ጫፉ የተከረከመ ዓይነት ለኪስ ይመረጣል።

«9 ሚሊሜትር ሁሉ 9 ሚሊሜትር ነው»

ይህ የጽሑፉ አደገኛው መስመር ነው። ቢያንስ ሦስት የተለያዩ ጥይቶች በዚህ ስም ይጠራሉ። 9×17 የቀለሁ ቁመት 17 ሚሊሜትር የሆነው ነው፤ ጣሊያን ይዞት የመጣው ቤሬታ 1934 የሚጎርሰው ይህንን ነው። 9×18 የማካሮቭ ነው። 9×19 በዛሬዎቹ ትላልቅ ሽጉጦች የምናየው ነው። ልዩነቱ በቁመት ብቻ አያበቃም። የማካሮቭ እርሳስ ውፍረት 9.2 ሚሊሜትር አልፎ 9.3 ይጠጋል፤ የሌሎቹ ሁለቱ 9.0 ናቸው። ስለዚህ 9×19 በማካሮቭ ውስጥ እስከ መጨረሻው አይገባም፤ ተንሸራታቹ ሳይዘጋ ይቀራል። ያን ጊዜ በመዳፍ እየመቱ ለማስገባት መታገል የጥፋት ሁሉ መጀመሪያ ነው። 9×17 በማካሮቭ ውስጥ ሊገባና ሊተኮስም ይችላል፤ ነገር ግን እርሳሱ ለአፈሙዙ ስለሚቀጥን ጠመዝማዛው መስመር በደንብ አይዘውም፣ ጥይቱም ወዳሻው ይሄዳል። የማካሮቭን ጥይት በ9×19 ሽጉጥ ውስጥ መሞከርም አይገባም፤ እርሳሱ ለአፈሙዙ ይወፍራል።

መፍትሔው የጥይቱን መቀመጫ ማንበብ ነው። በአፈሙዙ ወይም በተንሸራታቹ ጎን የተቀረጸው ቁጥርና የቀለሁ ቂጥ ላይ ያለው ጽሑፍ ካልተስማሙ፣ ወይም ሁለቱም የማይነበቡ ከሆነ፣ ያ ጥይት አይጎረስም። ሽጉጥ ከመመረጡ በፊት የትኛው ጥይት በሕጋዊ መንገድ እንደሚገኝ መጠየቅ ይገባል። ጥይት የሌለው ቆንጆ ሽጉጥ የወረቀት መጫኛ ነው።

በዚሁ ክፍል ጸሐፊው ትንንሾቹን 6.35 እና 7.65 ሚሊሜትር በአንድ ቅርጫት ጨምረዋቸዋል። 6.35 የምትተኩሰው ቤቢ ብራውኒንግ 275 ግራም ብቻ ናት፤ 6 ጥይት ትይዛለች፤ ጉልበቷ ግን ከማካሮቭ ሲሶ እንኳ አይደርስም። 7.65 ሻል ይላል፣ የራሱ ጠባይም አለው፤ የቀለሁ ቂጥ ከአካሉ በጥቂቱ ይሰፋል። ካዝና ሲሞላ የላይኛው ጥይት ቂጥ ከታችኛው ቂጥ ኋላ ከተቀመጠ ሁለቱ ይቆላለፋሉ፤ ካዝናው ደርቆ ይቀራል፣ በተኩስ መሃልም በጣት የሚፈታ አይደለም። ዋልተር ፒፒኬ በ7.65 የያዘ ሰው እያንዳንዱን ጥይት ሲያስገባ ቂጡ ከታችኛው ቂጥ ፊት መሆኑን ማየት አለበት።

«ቶካሬቭ ስስ ነው፤ መዶሻውን ግማሽ ላይ አቁመህ ወገብህ ላይ ሰካው»

አይሰካም። ቶካሬቭ የተሠራው በማኅደር ተይዞ ለጦር ሜዳ ነው፤ 854 ግራም ይመዝናል፣ ቁመቱም ከ19 ሴንቲሜትር በላይ ነው። ዋናው ነገር፣ የመጀመሪያው ቶካሬቭ በእጅ የሚዘጋ ሴፍቲ የለውም። መዶሻው ግማሽ ላይ ሲቆም የሚይዘው ትንሽ ጥርስ አለ፤ ጸሐፊው ሴፍቲ ያሉት እርሱን ነው። ብዙዎቹ ቶካሬቮች ዕድሜ ጠገብ ናቸው፣ ጥርሱም ያልቃል። ሽጉጡ በመዶሻው በኩል ሲሚንቶ ላይ ቢወድቅ ያቺን ያለቀች ጥርስ የሚተካ ሌላ መከላከያ የለም። ከዚያም በላይ፣ መዶሻውን ጥይት በጎረሰ ሽጉጥ ላይ በአውራ ጣት ቀስ ብሎ ወደ ግማሽ ማውረድ ራሱ ስንት ጊዜ እንደሚሳሳት የታወቀ ነው፤ ጣት ላብ ካላት ታመልጣለች። ቶካሬቭ ያለው ሰው ካዝናውን ይሙላ፣ አፈሙዙ ግን ጥይት ያልጎረሰ ይሁን። ቤቢ ብራውኒንግም ያው ናት፤ መርፌዋ ጥይት በጎረሰች ቁጥር ተወጥሮ ይጠብቃል፣ ስለዚህ ጎርሳ ኪስ አትገባም።

ማካሮቭ ግን ሌላ ነው። የሴፍቲው ቁልፍ በተንሸራታቹ ግራ ኋላ ላይ አለ፤ ወደ ላይ ሲገፋ ይዘጋል፣ መዶሻውንም ያለ ጣት እገዛ ራሱ ያወርደዋል። ወደ ታች ሲሆን ይከፈታል። የመጀመሪያው ተኩስ ረጅምና ከባድ የቃታ ስበት ይፈልጋል፤ ለኪስ ጥሩ የሆነውም ይኸው ነው። ቀጥሎ ያለው ተኩስ ግን አጭርና ቀላል ስለሚሆን፣ ካልተለማመዱት ሁለተኛዋ ጥይት ሳይታሰብ ትወጣለች። የቤሬታ 1934 ሴፍቲ ደግሞ ቃታውን ብቻ ይይዛል፣ መዶሻውን አይነካም። ሴፍቲ አለ የለም ከማለት ይልቅ ምኑን ይይዛል ብሎ መጠየቅ ይሻላል።

«ኪስ ራሱ ማኅደር ነው፤ ሲበዛ በመሐረብ ጠቅልለው»

ጸሐፊው ሌላውን ሁሉ ልክ ጽፈው ይህችን ብቻ ቢስቱ ኖሮ እንኳ ምላሽ ያስፈልግ ነበር። ማኅደር ኪስ ውስጥ አራት ሥራ አለው። ቃታውን ይሸፍናል። እጀታው ሁልጊዜ ወደ ላይና ወደ አንድ አቅጣጫ እንዲሆን ያቆመዋል። ብናኝ ያግዳል። የሽጉጡን ቅርጽም ከልብስ በላይ እንዳይታይ ይሰብረዋል። መሐረብ አንዱንም አይሠራም፤ እንዲያውም እጅ ሲገባ ቃታው ውስጥ የሚጠመጠመው እርሱ ነው። ቁልፍ፣ ሳንቲም፣ እስክሪብቶ በዚያ ኪስ አይገባም። አንድም።

ቆዳ ሠሪ ዘንድ ሲታዘዝ እንዲህ ይባል። ቆዳው ከ2 እስከ 3 ሚሊሜትር ውፍረት ይኑረው፤ በዕፅዋት የተለፋ እንጂ በክሮም የተለፋ ለስላሳ ጃኬት ቆዳ አይሁን። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ የመጀመሪያው ረጥቦ በሽጉጡ ቅርጽ ተጭኖ ሲደርቅ ቅርጹን ይዞ ይቀራል፣ ሁለተኛው ግን እንደ ጨርቅ ይተኛል። አፉ የሚተኛ ማኅደር ሽጉጡ ሲመለስበት እጥፋቱ ወደ ቃታው ቀለበት ይገባና ቃታውን ራሱ ይስባል። ታፋውን ያቆሰለ ሰው ብዙ ጊዜ «ጣቴን አልነካሁትም» የሚለው እውነቱን ነው፤ የነካው ቆዳው ነው። ቃታውን ከሁለቱም ጎን ሙሉ በሙሉ ይሸፍን። የውጭ ፊቱ ሸካራው የቆዳ ገጽ ይሁን፤ ኪሱን እንዲጨብጥ። ሲቀረጽም ሽጉጡ ባዶ ሆኖ፣ በቀጭን ላስቲክ ተጠቅልሎ ይሁን፤ ካልሆነ እርጥበቱ ሌሊቱን ያዝገዋል።

መሞከሪያው ቀላል ነው። ሽጉጡ ባዶ፣ ካዝናው ወጥቶ፣ ጥይቱ ሌላ ክፍል ተቀምጦ፣ አሥር ጊዜ ይሳብ። ማኅደሩ አንድ ጊዜም ቢሆን ከሽጉጡ ጋር ተያይዞ ከወጣ አይሆንም። ከዚያ እጀታውን እንደጨበጡ ጡጫው በኪሱ አፍ ያልፋል ወይ? በስፌት ሱሪ ችግሩ ይህ ነው፤ ባዶ እጅ ይገባል፣ ጡጫ አይወጣም። ልብስ ሰፊው አፉን ሁለት ጣት ያህል እንዲያሰፋውና የኪሱን ጨርቅ በጂንስ እንዲደርበው ማድረግ ከአዲስ ሽጉጥ ይረክሳል። ማካሮቭ 161 ሚሊሜትር ቁመት፣ 30 ሚሊሜትር ገደማ ውፍረት ስላለው የሱሪ ኪስ ሽጉጥ አይደለም፤ የኮት ኪስ ወይም የቀበቶ ነው። ጸሐፊው ካነሷቸው ውስጥ በእርግጥ ለሱሪ ኪስ የታሰበው የሶቪየቱ ፒኤስኤም ነው፤ 460 ግራም፣ ውፍረቱ 18 ሚሊሜትር ገደማ። ግን 5.45×18 ጥይቱን ከየት?

ተቀምጦ መሳብም ይሞከር። በባጃጅ ወይም በሚኒባስ ጠባብ ወንበር ላይ ጉልበት ታጥፎ የሱሪ ኪስ አፉን ይዘጋል፤ ሽጉጡ አለ ማለት ይደረስበታል ማለት አይደለም። የኮት ኪስ ይህ ችግር የለበትም፣ ግን ኮት ይወልቃል። ጠዋት የጦሳ ተራራ ጉም ለብሶ ደሴ ላይ ኮት የደረበ ሰው የሐረጎን ቁልቁለት ወርዶ ኮምቦልቻ ሲደርስ ይሞቀውና ያወልቃል፤ ሽጉጡ ምግብ ቤት ወንበር ላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል፣ ወይም ቤት ውስጥ ልጅ በሚደርስበት መስቀያ ላይ። ኮት የሚያወልቅ ሰው ለኮት ኪስ ሽጉጥ አይምረጥ።

ሁለቱን ትንንሽ ነጥቦች አብረን እንለፋቸው። የካዝና ሞላ በመታጨቅ ብቻ አያልቅም፤ የሚያልቀው በመታጨቅና በመፈታት ብዛት ነው። በየማታው ማራገፍ የሚጎዳው ያንኑ ሞላ ነው። የተንሸራታቹ ሞላ ግን በትንንሾቹ ላይ ፈጥኖ ይደክማል፤ ቀለህ ከወትሮው ርቆ መውደቅ ሲጀምር ወይም ተንሸራታቹ መጨረሻውን ሳይዘጋ ሲቀር ይቀየር። ዘይትን በተመለከተ፣ የኪስ ብናኝ ከዘይት ጋር ሲገናኝ ሊጥ ይሆናል። ተንሸራታቹ በሚሄድባቸው ሁለት መስመሮች ላይ አንዳንድ ጠብታ ይበቃል፤ መርፌው ቤትና ካዝናው ውስጥ ምንም። ወደ ካፕሱሉ (በቀለሁ ቂጥ ላይ ያለው ማቀጣጠያ) የሰረገ ዘይት ጥይት ያከሽፋል። በየሁለት ሳምንቱ በጥርስ ብሩሽ ብናኙን ማራገፍ፣ የላብ ጊዜ ደግሞ በየማታው በደረቅ ጨርቅ መጥረግ። በቆዳ ማኅደሩ ውስጥ አይደር፤ ቆዳ እርጥበት ይይዛል።

«የቱርኩ ያው ነው»

በዚህ ስም የሚሸጠው ሁሉ አንድ አይደለም። ቱርክ ደረጃውን የጠበቀ ሽጉጥም ትሠራለች። ጸሐፊው በዋጋው የገለጹት ግን ለድምፅ ብቻ የተሠራውና በኋላ የተነካካው ነው። እርሱ በሕግም ያስጠይቃል፣ ባለቤቱንም ይጎዳል። አካሉና ተንሸራታቹ በብዛት የዚንክ ቅይጥ ስለሆነ የእውነተኛ ጥይት ግፊት አይችልም፤ ይሰነጠቃል፣ ወይም ተንሸራታቹ ወደ ተኳሹ ፊት ይመጣል። ለመለየት ማግኔት ተንሸራታቹ ላይ ይጠጋ፤ የትክክለኛ ሽጉጥ ተንሸራታች ብረት ስለሆነ ይስባል፣ ዚንክ አይስብም። አካሉ ላይ መሞከር አያስተማምንም፤ በትክክለኛውም አልሙኒየም ወይም ፕላስቲክ ሊሆን ይችላል። ማግኔቱ ካልሳበ ነገሩ እዚያው ይቁም።

ጸሐፊው የዘለሉት

አዲስ ሽጉጥ አይሞከርም ያሉ ይመስላሉ፤ ስለ ሙከራ ምንም የለም። በተፈቀደ የተኩስ ቦታ እያንዳንዱ ካዝና ቢያንስ ሁለት ጊዜ ሞልቶ ባዶ እስኪሆን መተኮስ አለበት፤ በየዕለቱ በሚያዘው ጥይት ዓይነት እንጂ ባገኙት አይደለም። ጥይት ከከሸፈ አፈሙዙን ከዒላማው ሳያነሱ 30 ሰከንድ ይጠበቅ፤ ዘግይቶ የሚፈነዳ አለ። ድምፁ ደከም ብሎ ጭስ ብቻ ከወጣ ግን ሁለተኛ ቃታ አይሳብም፤ እርሳሱ አፈሙዙ ውስጥ ቀርቶ ይሆናል፣ ቀጣዩ አፈሙዙን ይቀደዋል።

ሌላው የፍተሻ ነገር ነው። ባንክ፣ መሥሪያ ቤት፣ ኬላ ላይ ሽጉጥ አስረክብ ይባላል። ኬላ ላይ ሽጉጡን አውጥቶ ማሳየት አይገባም፤ እጅ ይታይ፣ «ፈቃድ ያለው መሣሪያ ይዣለሁ» ይባል፣ ከዚያ ፈታሹ የሚለው ይፈጸም። ባዶ ማድረግ ካስፈለገ መጀመሪያ ካዝናው ይወጣል፣ ቀጥሎ ተንሸራታቹ ተስቦ የጎረሰው ይወጣል፣ በመጨረሻ በዓይንም በጣትም ይታያል። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ፣ የጎረሰውን አስወጥቶ ካዝናውን በኋላ ያወጣ ሰው ሌላ ጥይት አጉርሶ ባዶ ነው ብሎ ያስረክባል። በማካሮቭና በቤሬታ 1934 የካዝናው መልቀቂያ በእጀታው ታች ስለሆነ ሁለት እጅ ይፈልጋል፤ በችኮላ የሚዘለለውም ለዚህ ነው።

በየበሩ ያንኑ አንድ ጥይት የሚያስወጣና መልሶ የሚያጎርስ ሰው ሌላ መዘዝ አለበት። ጥይቱ በእያንዳንዱ ጉርሻ አፍንጫው መግቢያው ላይ ይመታና እርሳሱ ወደ ቀለሁ ይሰርጋል። ባሩዱ ሲጨናነቅ ግፊቱ ይጨምራል። ያ ጥይት ካልተነካ አዲስ ጥይት ጎን በጠፍጣፋ ጠረጴዛ ላይ ይቁም፤ ካጠረ ተለይቶ ለመሣሪያ ባለሙያ ይሰጥ።